ጊታሩን ልሰማ ሄጄ አልተሰማኝም

ባለፈው እትም ለንደን ውስጥ ስለሰማሁት የክላሲካል ጊታር ኮንሰርት ጥቂት ጽፌ ነበር። ማይክ የለም፣ ስፒከር የለም። አንድ ሰው፣ አንድ ወንበር፣ አንድ የእግር መርገጫ፣ በእጅ የተሠራ አንድ ጊታር። ደብዳቤው ካሰብኩት በላይ ጎረፈ። ሁሉንም ማስተናገድ ስለማይቻል እርስ በርስ የሚነካኩትን መርጫለሁ። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ይድረስ ለአምዱ አዘጋጅ። ልጄ ክላሲካል ጊታር ትማራለች። አንድ ስመ ጥር ተጫዋች ወደ ከተማችን ሲመጣ አስተማሪዋ ‘እንዳያመልጣችሁ’ አለንና ትኬት ቆርጠን ሄድን። ቦታችን ፎቅ ላይ ከኋላ ነበር። ሰውየው ሲጀምር ገና እየቃኘ መስሎኝ ነበር፤ እውነቴን ነው። አጠገቤ የተቀመጠው ሰው ጃኬቱን ሲያወልቅ ከጊታሩ በላይ ተሰማኝ። በኋላ ጊታሩ ከመኪናዬ እንደሚወደድ ነገሩን። ልጄ ግን አልቅሳ ነው የወጣችው። ችግሩ የኔ ጆሮ ነው?» — ግራ የገባው አባት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

ጋሼ፣ ጆሮዎ ደህና ነው። ጥፋቱ የቦታው ነው፤ ትንሽ ደግሞ የመንገዱ።

ክላሲካል ጊታር ድምፁ ትንሽ ነው። ቫዮሊን ቀስቱ ክሩ ላይ እስካለ ድረስ ጉልበት እያገኘ ይቀጥላል። ጊታር ግን ጣት ክሩን ከለቀቀው በኋላ የሚጨመርለት ነገር የለም። ድምፁ ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ እየከሰመ ነው የሚሄደው። አዳራሽ ሙሉ ሰው የሚካፈለው ያቺን አንዲት ንክኪ ነው። ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር ደግሞ ከመሣሪያው በቀጥታ የሚመጣው ድምፅ 6 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ ነው) ያህል ይቀንሳል። ሦስተኛው ረድፍ ላይ የነበረው ሰውና ፎቅ ላይ የነበሩት እርስዎ አንድ ኮንሰርት ሰማችሁ ለማለት ይከብዳል።

አዳራሹ ጥሩ ሲሆን ግድግዳውና ጣሪያው ያግዛሉ። እዚህ ለንደን ያለው ዊግሞር ሆል በ1901 የተከፈተ ነው፤ 552 መቀመጫ ብቻ አለው። ስመ ጥሮቹ ጊታር ተጫዋቾች ጁሊያን ብሪም በ1951፣ ጆን ዊሊያምስ በ1958 ገና ወጣት ሆነው የተጫወቱት እዚያ ነው። ጊታር የሚያምርበት እንዲህ ያለ ክፍል ነው። ለኦርኬስትራ የተሠራ፣ ሁለት ሺህ ሰው የሚይዝ አዳራሽ ሌላ ጉዳይ ነው። ታዋቂ ተጫዋች ሲመጣ ግን አዘጋጁ የትኬቱን ሒሳብ ነው የሚያየው፤ እኔም በቦታው ብሆን ሳላደርገው አልቀርም።

መንገዱን ያልኩት ለዚህ ነው፦ ሰው ከአውራ ጎዳና ወርዶ፣ ፓርኪንግ ፈልጎ፣ ስልኩን አጥፍቶ ይገባል። ከጫጫታ የመጣ ጆሮ ወዲያው ዝቅ ብሎ አይሰማም። ሁዳዴ ላይ በገና ሲደረደር ቤት ውስጥ የሰማ ሰው ይህን ያውቀዋል። መጀመሪያ የሚሰማው እዝዝታው ብቻ ነው። ሰው ወሬውን ትቶ ጠጋ ሲል፣ ትንሽ ቆይቶ ዜማው ከቃሉ እየተለየ ይመጣል። በገናው አልጨመረም፤ ክፍሉ ነው ጸጥ ያለው።

አንድሬስ ሴጎቪያ ይህ በደንብ ገብቶት ነበር። ከ1893 እስከ 1987 የኖረ፣ ጊታርን ከሳሎን አውጥቶ ትልልቅ አዳራሽ ያስገባ ስፔናዊ ነው። ማይክ አይወድም። ሰው ሲያስል መጫወቱን አቁሞ ይጠብቃል። ጉራ ይመስላል። ግን ምን ያድርግ? አንዲት ሳል ግማሽ ሐረግ ትበላበታለች።

አሁን ዋጋው። ያ ጊታር ከመኪናዎ የተወደደው ስለሚጮህ አይደለም። ቀረብ ብለው ቢሆን ኖሮ የተጫዋቹን ቀኝ እጅ ያዩ ነበር። ጣቱን ወደ ብሪጁ፣ ክሮቹ ፊቱ ላይ ወደሚታሰሩበት እንጨት፣ ሲያስጠጋ ድምፁ ይሳላል፣ ብረት ብረት ይላል። ወደ ቀዳዳው ሲመለስ ክብ ይሆናል፣ ይወፍራል። ያው ኖታ በሌላ ክር ላይ ሲመታ ደግሞ ሌላ ሰው የተናገረው ይመስላል። ርካሽ ጊታር ላይም ይህ ልዩነት አለ፣ ግን ጠባብ ነው። ጥሩ ጊታር ላይ ሰፊ ነው። ሌላም አለ፤ ባሱ፣ መካከለኛውና ዜማው አንድ ላይ ሲሄዱ ሳይዋዋጡ ሦስቱም ለየብቻ ይሰማሉ። ልጅዎን ያስለቀሳት ይህ ሳይሆን አይቀርም። መሣሪያውን ስለምታውቀው ምን እንደምትፈልግ ታውቃለች።

በሚቀጥለው ጊዜ አነስ ያለ አዳራሽ ወይም ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የሚደረግ ኮንሰርት ይፈልጉ። ከፊት፣ መሐል ላይ ይቀመጡ። ሰዓቱ ሳይደርስ ቀደም ብለው ገብተው ዝም ብለው ቁጭ ይበሉ።

«ልጄ 16 ዓመቱ ነው። አስተማሪው ‘አሁንስ በእጅ የተሠራ ጊታር ያስፈልገዋል’ ይለኛል። ሱቅ ሄጄ አየሁ፣ የፋብሪካዎቹ እንዲያውም የበለጠ ያብረቀርቃሉ። ልዩነቱ ስም ነው ወይስ የምር ነገር አለው?» — እናት፣ አዲስ አበባ

እህቴ፣ የምር ነገር አለው። ግን ገና አትግዢ። ምክንያቱን ልንገርሽ።

ርካሹ የፋብሪካ ጊታር አብዛኛውን ጊዜ ኮምፔንሳቶ ነው። ኮምፔንሳቶ አይናቅም፤ ጠንካራ ነው፣ ሙቀትና ብርዱን ይችላል፣ ለጀማሪ ልጅ ከበቂ በላይ ነው። ነገር ግን የተነባበረውና የተጣበቀው የእንጨቱ መስመር እየተሻገረ ስለሆነ እንደ ሙሉ እንጨት አይርገበገብም። በእጅ የሚሠራው ጊታር የፊት ጣውላው ስፕሩስ ወይም ቀይ ሴዳር የሚባል እንጨት ነው። ስፕሩሱ ከአውሮፓ ተራሮች፣ ሴዳሩ ከሰሜን አሜሪካ ምዕራብ ዳርቻ ይመጣል። አንዱ ጣውላ ለሁለት ይከፈልና ግራና ቀኙ መሐል ላይ በኮላ ይጋጠማል። ከዚያ 2 ወይም 2.5 ሚሊሜትር እስኪሆን ይላጋል።

እዚህ ላይ ቆም በይ። ስድስቱ ክሮች ተቃኝተው አንድ ላይ ሲጎትቱ ወደ 40 ኪሎ ይጠጋሉ። ያ 2 ሚሊሜትር እንጨት ይህን ሁሉ ተሸክሞ መጉበጥ የለበትም። ወፍራም ከሆነ ደግሞ ድምፅ አይሰጥም። ሥራው በሙሉ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው።

ከአንድ ግንድ የወጡ ሁለት ጣውላዎች እንኳ እኩል አይጠነክሩም። ፋብሪካ ይህን እያንዳንዱን የሚመረምርበት ጊዜ የለውም፤ ለሁሉም አንድ ውፍረት ይቆርጣል። ተሰብሮ እንዳይመለስበት ደግሞ ወፈር ያደርገዋል። ሠሪው ግን ጣውላውን በሁለት እጁ ይዞ ያጎብጠዋል፣ በጣቱ ያንኳኳዋል፣ ይሰማል፣ ትንሽ ይልጋል፣ እንደገና ያንኳኳዋል። ግራናዳ ውስጥ ወደ አልሀምብራ በሚያወጣው የጎሜሬስ ዳገት ላይ የጊታር ሠሪዎች ሱቆች አሉ። በሩ ላይ ቆሜ ሳይ የነበረው ይህንኑ ነው። አባቴ አናጢ ነበር። ቁም ሳጥን ጨርሶ ሲያቆም በጣቱ ኳ ኳ ያደርገው ነበር፤ ለምን እንደሆነ ጠይቄው አላውቅም።

የዛሬውን ክላሲካል ጊታር መልክ ያስያዘው አንቶኒዮ ዴ ቶሬስ (1817–1892) የአልሜሪያ ሰው ነው። እሱም በአናጢነት ነው የጀመረው። አካሉን አሰፋው። በብዛት የሚሠራበት የክር ርዝመት 650 ሚሊሜትር ዛሬም መለኪያ ነው። ከፊት ጣውላው በስተ ውስጥ እንደ ማራገቢያ የተዘረጉ ሰባት ቀጫጭን እንጨቶች ያጣብቃል። በ1862 ደግሞ የጊታሩን ጀርባና ጎን ከወረቀት ሠራው፤ ተነባብሮ በተጣበቀ ካርቶን። ፊቱ ብቻ እንጨት ነው። ድምፁን የሚያመጣው የፊት ጣውላ መሆኑን ለማሳየት ነበር። ጊታሩ ዛሬ ባርሴሎና የሙዚቃ ሙዚየም ውስጥ ነው። በእርጅናው ያውቀው የነበረ አንድ ቄስ ስለ ምስጢሩ ጠየቀው ይባላል። ቶሬስም ምስጢሩ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መካከል እንዳለ፣ ለማንም ሊያወርሰው እንደማይችል፣ አብሮት እንደሚቀበር ነግሮታል።

ወደ ልጅሽ ልመለስ። የስመ ጥር ሠሪ ጊታር በአሥር ሺዎች ዶላር ይሸጣል፣ ወረፋውም ዓመታት ይወስዳል። ብዙም የማይታወቅ ጎበዝ ሠሪ እንኳ በሺዎች ዶላር ነው የሚጀምረው። ለ16 ዓመት ልጅ መካከለኛው መንገድ ይበቃል፦ ፊቱ ሙሉ እንጨት፣ ጀርባና ጎኑ ኮምፔንሳቶ የሆነ የፋብሪካ ጊታር። ሻጩ «ሙሉ እንጨት ነው» ቢልሽ በቃሉ አትሂጂ። የቀዳዳውን ጠርዝ በስልክሽ መብራት እዪው። ፊት ላይ ያለው የእንጨቱ መስመር ጠርዙንም ተሻግሮ ወደ ውስጥ ከወረደ ሙሉ እንጨት ነው። ጠርዙ ላይ ድርብርብ ካየሽ ኮምፔንሳቶ ነው። ማብረቅረቁንስ ተዪው፤ ወፍራም ቀለም ድምፅ ያፍናል።

«ባለፈው እትም ‘የዘመኑ ጊታር ጉልበት አገኘ፣ መልኩን አጣ’ ብለሻል። ይህ የድሮ ናፋቂ ወሬ ነው። ስሞልማን የሚሠራውን ጊታር ሰምተሽ ታውቂያለሽ? ፎቅ ላይ ለተቀመጠው ሰውዬ የሚደርሰው እኮ እሱ ነው።» — ከፍራንክፈርት የምትቃወም

ሰምቻለሁ እህቴ። አቋሜ ያው ነው፤ ግን አንቺም እውነት አለሽ፤ ለሌሎቹ አንባቢዎች ነገሩን ዘርዘር ላድርገው።

ጉልበት ፍለጋው አዲስ አይደለም። ሴጎቪያ በ1912 ከማድሪዱ ጊታር ሠሪ ከማኑኤል ራሚሬስ ሱቅ ባገኘው ጊታር ብዙ ተጫውቷል። በኋላ ጀርመናዊው ሄርማን ሃውዘር ያንን ጊታር አጠና፤ ለሴጎቪያ እየሠራ ያሳየዋል፣ ሴጎቪያ ይመልሰዋል። ከአሥር ዓመት በላይ እንዲህ ሄደው በ1937 የሠራው ግን ልቡን ወሰደው። ሁለቱም ጊታሮች ዛሬ ኒውዮርክ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ናቸው። በ1960ዎቹ ጊታር ሠሪው ሆሴ ራሚሬስ 3ኛ ሴዳር አመጣ፣ ክሩንም ወደ 664 ሚሊሜትር አረዘመው። ትልቅ አዳራሽ መሙላት ነበር ሐሳቡ።

አውስትራሊያዊው ግሬግ ስሞልማን ከዚህ ሁሉ ራቅ ብሎ ሄደ። የፊት ጣውላውን ከተለመደው በጣም አሳሳው። ከሥሩ በባልሳ እንጨትና በካርቦን ፋይበር የተሠራ ጥልፍልፍ አደረገለት። ጀርባና ጎኑን ግን ወፍራምና ከባድ አድርጎ ሠራው፤ ጉልበቱ ሁሉ ፊት ለፊት እንዲወጣ። ጆን ዊሊያምስ በ1980ዎቹ መጀመሪያ የባርሴሎናውን ሠሪ የፍሌታን ጊታር ትቶ ወደ እሱ ዞረ። ጀርመናዊው ማቲያስ ዳማን ደግሞ ሁለት ስስ ጣውላዎች መካከል እንደ ማር እንጀራ ባለ ቀዳዳ ኖሜክስ አስገባ፤ ኖሜክስ ለአውሮፕላን አካል የሚሠራበት ቀላል ነገር ነው። ጊታር ተጫዋቹ ዴቪድ ራስል በዳማን ነው የሚጫወት።

በእነዚህ ጊታሮች እያንዳንዱ ኖታ ፎቅ ላይ ይደርሳል። ይህን ማንም አይክድም። እኔ የሚጎድለኝ ከብሪጁ ወደ ቀዳዳው ሲኬድ ያለው ልዩነት ነው። ይጠብብኛል። ቁጥር አላቀርብልሽም፤ የጆሮዬ ፍርድ ነው። ጁሊያን ብሪም በ1973 ሆሴ ሮማኒዮስ በሠራለት ጊታር የቀዳቸውን ስሚ። ሮማኒዮስ ከማድሪድ ወደ እንግሊዝ የመጣ የቤት ዕቃ አናጢ ነበር፤ የሠራውም የቶሬስን መንገድ ይዞ ነው። አንዱ ሐረግ ከሚቀጥለው ጋር አንድ ቀለም የለውም።

ታዲያ ፎቅ ላይ ያለው ሰውዬ ምን ይሁን? እኔ ማይኩን እመርጣለሁ። ሴጎቪያ ይቆጣኝ። ስፔናዊው የሙዚቃ ደራሲ ሮድሪጎ ለጊታርና ለኦርኬስትራ የጻፈውን የአራንሁዌስ ኮንቼርቶ አስቢው፣ በ1940 ባርሴሎና ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰማውን። ሮድሪጎ ጊታሩ ሲናገር ኦርኬስትራው ዝቅ እንዲል አድርጎ ነው የጻፈው፤ ቢሆንም ዛሬ ብዙ ተጫዋች ማይክ ያስቀምጣል። ጆን ዊሊያምስም ስሞልማኑን ይዞ ማይክ ይጠቀም ነበር። በጥንቃቄ የተቀመጠ አንድ ማይክ የጊታሩን ባሕርይ አይቀይረውም። ጊታሩን ራሱን እንዲጮህ አድርጎ መሥራት ግን ይቀይረዋል።

«እትዬ፣ ክራር እጫወታለሁ። ሽማግሌዎች ድሮ ክራር ላይ ጅማት ነበር የሚታሰረው ይላሉ። ጊታርም እንዲሁ ነበር? ናይለኑን ማን አመጣው?» — የክራር ልጅ፣ ደሴ

ጥሩ ጥያቄ ነው የኔ ልጅ። አዎ፣ እንዲሁ ነበር። ሦስቱ ቀጫጭን ክሮች አንጀት ነበሩ፤ በገና ላይ እስካሁን እንደሚታሰረው የበግ አንጀት። ሦስቱ ወፍራሞች ውስጣቸው ሐር ሆኖ በቀጭን ብረት ይጠመጠማሉ። አንጀት ይበጠሳል፣ አየሩ ሲረጥብ ቅኝቱ ይወርዳል። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ ደግሞ አንጀት ለቁስል መስፊያ ተፈለገና የጊታር ክር ጠፋ። ኒውዮርክ ይኖር የነበረው ጊታር ሠሪ አልበርት ኦገስቲን ናይለንን ሞከረ፤ ሴጎቪያም ሰምቶ ወደደው። ከጦርነቱ በኋላ ዓለም ሁሉ ተከተለ።

ስለዚህ ቶሬስ በናይለን የተቃኘ ጊታር ሰምቶ አያውቅም። የሱን የ1864 ጊታር ይጫወት የነበረው ስፔናዊው ተጫዋችና የሙዚቃ ደራሲ ፍራንሲስኮ ታሬጋም (1852–1909) ሲጫወት የኖረው በአንጀት ነው፤ በመጨረሻዎቹ ዓመታት ጥፍሩን ቆርጦ በጣቱ ሥጋ ብቻ ነበር የሚመታው። እኛ የሱን ሙዚቃ ዛሬ በጥፍርና በናይለን ሰምተን «እንዲህ ነበር» እንላለን።

«እዚህ ሪያድ ነው የምሠራው። ከስፔን በእጅ የተሠራ ጊታር በሰው አስመጣሁ። ወር ሳይሞላው ፊቱ ላይ ከብሪጁ በታች ቁልቁል ተሰነጠቀ። ሠሪው አታሎኝ ነው? ደግሞ ጀርባው ሮዝዉድ የሚባል እንጨት ነው፤ ለእረፍት አገር ቤት ይዤው ስሄድ ፈቃድ ያስፈልገዋል አሉኝ።» — እህት ከሪያድ

አላታለለሽም። ያታለለሽ ኤሲው ነው።

ጊታር ሠሪ የሚሠራበትን ክፍል እርጥበት 50 በመቶ አካባቢ ይጠብቃል። ሪያድ በበጋ ውጪው ራሱ ከ20 በመቶ በታች ይወርዳል። እንጨት ሲደርቅ በርዝመቱ ሳይሆን በጎኑ ነው የሚጠብ። ጣውላው ዙሪያውን በኮላ ተይዟል፤ መጥበብ ሲያቅተው ይሰነጠቃል። ስንጥቁ በእንጨቱ መስመር የወረደው ለዚህ ነው።

ይጠገናል፤ አትደንግጪ። ክሮቹን አላልተሽ ከሳጥኑ አስገቢውና መሣሪያ ጠጋኝ ፈልጊ። ስንጥቁን ገጥሞ ያጣብቅና በውስጥ በኩል ትንንሽ የእንጨት ቁራጮች ያስደግፍበታል። ሱፐር ግሉ የሚባለውን እንዳትነኪ፤ ገብቶ ከደረቀ በኋላ ለጠጋኙም መከራ ነው። ከጥገና በኋላ ርካሽ የእርጥበት መለኪያ ግዢና ሳጥኑ ውስጥ አኑሪ። ክዳኑ የተበሳሳ የሳሙና ዕቃ ውስጥ እርጥብ ስፖንጅ አድርጊ፣ ውኃው እንዳይንጠባጠብ ጨምቀሽ። ከ45 እስከ 55 መካከል ከያዘልሽ ሰላም ነው። ተጫውተሽ ስትጨርሺ ግድግዳ ላይ አትስቀዪው፤ ወደ ሳጥኑ።

ስለ ሮዝዉዱ፦ በ2017 የሮዝዉድ ዝርያዎች በሙሉ ዓለም አቀፍ የንግድ ቁጥጥር ውስጥ ገብተው ብዙ ሙዚቀኛ ተጉላልቶ ነበር። በ2019 ተሠርተው ያለቁ የሙዚቃ መሣሪያዎች ከዚያ ነፃ ወጡ። የብራዚሉ ግን ለብቻው ነው፤ ከ1992 ጀምሮ በጥብቅ የተከለከለ ነው፤ ያለ ሰነድ ድንበር አይሻገርም። ያንቺ ጊታር በቅርብ የተሠራ ከሆነ የሕንድ ሮዝዉድ ሊሆን ይችላል። ከሠሪው የእንጨቱን ዓይነት የሚገልጽ ወረቀት አስልኪና ከፓስፖርትሽ ጋር ያዢው። የሕንድ ነው ብለሽም አትከፊ። በ2018 የላንካስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጀርባና ጎናቸው ብቻ የተለያየ 6 የብረት ክር ጊታሮች አሠርተው ለ52 ተጫዋቾች ሰጥተው ነበር፤ ተጫዋቾቹ ውዱን ከርካሹ እንጨት በድምፅ መለየት አልቻሉም። የቶሬስ ወረቀት ጊታርም ይህንኑ ነበር የሚለው።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ። በእጅ የሚሠሩ ጊታሮች ብዙ ጊዜ የሚቀቡት ሼላክ የሚባል ቫርኒሽ ነው፤ ስስ ነው፣ በአልኮል ይሟሟል። ሽቶ ከተቀባሽ እጅሽና ክንድሽ እስኪደርቅ ጠብቂ፣ ረጅም እጅጌ ልበሺና ተጫወቺ።